የአንዲት ተመራማሪ መዝገብና የእኛ አንድ ዓረፍተ ነገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ የሒሳብ ክፍል ሆነን ከዚህ ስንቆም ምን ይዘን እንደምንመጣ ታውቃላችሁ። ገቢው ይህን ያህል፣ ወጪው ይህን ያህል፣ ከወጪ ቀሪ ይህን ያህል እንላለን፤ የኦዲተሩን ደብዳቤ እናነባለን፤ እንወርዳለን። የዘንድሮው ሪፖርት ጠዋት ቀርቧል፣ ወረቀቱም በእጃችሁ ነው። አሁን ሰብሳቢያችን የፈቀዱልንን ደቂቃ የምንጠቀመው ግን ለሌላ መዝገብ ነው። አንዲት የአንጎል ተመራማሪ በሃያ ዓመት ውስጥ ያሳተሟቸው ጽሑፎች መዝገብ ነው።

«የሒሳብ ሰዎች ከአንጎል ምርምር ምን አገናኛችሁ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኛ ዲፕሎማ ይዘን በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር ሴቶች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ወደዚህ ነገር ያስገባን የራሳችን ጥፋት ነው፤ ዛሬም የመጣነው ጥፋታችንን ለመናገር ነው።

ባለፈው ዓመት ለለጋሾች በላክነው ሪፖርት ውስጥ ስለ አራስ ድጋፋችን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እንዲህ ይላል፦ «ለአራስ እናቶች የምንሰጠው ገንዘብ የሕፃናቱን አንጎል እንደሚያሳድግ በሳይንስ ተረጋግጧል።» ይህን የጻፍነው እኛው ነን። ሪፖርቱ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጽሑፉ ደረቅ ሆነብን ብለን፣ ከሬዲዮ የሰማነውን ወሬ አስገባንበት። አንድ ኪሎ ስኳር ሲገዛ ያለ ደረሰኝ የማንከፍል ሴቶች ለዚህ ትልቅ ቃል ደረሰኝ አልጠየቅንም።

ዓረፍተ ነገሩ ተወደደ። ከለጋሾቻችን አንዷ፣ ዛሬም በመካከላችን አሉ፣ በትሕትና ጻፉልን። «ይህን የሚያሳየውን ጥናት ብትልኩልን ድጋፉን ለማስፋት ይረዳናል» አሉ። ያን ጊዜ ደነገጥን። ጥናቱን ፍለጋ ገባን። እንግሊዝኛው ሲከብደን መዝገበ ቃላት እያገላበጥን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአባሎቻችንን ልጆች እያስቸገርን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን እየሠዋን አነበብን። መጀመሪያ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር የፈለግነው። ካገኘነው በኋላ ግን አንድ ደረሰኝ ብቻውን የዓመት ሒሳብ እንደማያሳይ ሁሉ፣ አንድ ጽሑፍም ብቻውን እውነቱን እንደማያሳይ ገባን። ስለዚህ እንደ ልማዳችን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርነው።

ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር ኪምበርሊ ኖብል ይባላሉ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ የነርቭ ሳይንስና የትምህርት ፕሮፌሰር ናቸው። የሕፃናት ሐኪምም ናቸው። የተማሩት በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጥናቶቻቸውን የሠሩት ማርታ ፋራህ ከተባሉ የታወቁ የአንጎል ተመራማሪ ጋር ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ገጽ 2005 ነው። ቦታው ፊላዴልፊያ፣ ልጆቹ 60 የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ ከዝቅተኛ ኑሮ፣ ግማሾቹ ከመካከለኛ ኑሮ የመጡ ናቸው። የድሃ ልጅ በትምህርት ወደ ኋላ እንደሚቀር ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። ኖብልና ባልደረቦቻቸው የጠየቁት ሌላ ነው። «ልዩነቱ የትኛው የአንጎል ሥራ ላይ ነው?» አሉ። ጠቅላላ ድምሩን ትተው በየአርእስቱ ዘረዘሩት እንደማለት ነው። ቋንቋ ለብቻ፣ ማስታወስ ለብቻ፣ ማየትና ቦታን መለየት ለብቻ፣ ራስን መግዛትና ሐሳብን መሰብሰብ ለብቻ፤ እያንዳንዱን ጨዋታ በሚመስሉ ፈተናዎች መዘኑ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በሁለት አርእስት ነው፦ በቋንቋ፣ እንዲሁም ራስን በመግዛትና ሐሳብን በመሰብሰብ።

በ2007 ደግሞ 150 የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘው ተመለሱ። አሁንም ትልቁ ልዩነት ቋንቋ ላይ ነበር፤ በማስታወስና ራስን በመግዛትም ልዩነት ተገኘ። በ2012 ፈተናን ብቻ ሳይሆን የአንጎልን ፎቶ በኤምአርአይ አነሱ። ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ መጠኑ ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ደግሞ 179 ጨቅላዎችን አጥንተው፣ ከወላጆች የትምህርት ደረጃ ጋር የሚሄድ የቋንቋና የማስታወስ ልዩነት ልጆቹ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚታይ ጻፉ።

እዚሁ 2015 ላይ ነው ስማቸውን ዓለም ያወቀው። ኔቸር ኒውሮሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ያወጡት ጽሑፍ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 20 ዓመት የሆነ 1,099 ልጆችና ወጣቶች አንጎላቸው ተለካ። የተለካው የአንጎል የውጭ ሽፋን ስፋት ነው። የለውዝ ፍሬ የሚመስለውን፣ የተጣጠፈውን የአንጎል ገጽ ዘርግተን እንደ አንሶላ ብንለካው ምን ያህል ይሰፋል የሚል ጥያቄ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥር ስፋቱም በአማካይ ከፍ ይል ነበር።

ለእኛ ግን ከሁሉ የገረመን የመስመሩ አወጣጥ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ከታች፣ ከድሆቹ ዘንድ፣ ተዳፋቱ ቁልቁለት ነው፤ ጥቂት ዶላር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የአንጎል ስፋት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከላይ፣ ከሀብታሞቹ ዘንድ፣ መስመሩ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ያው ዶላር ቢጨመር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ይህን ለማስረዳት ሒሳብ አያስፈልግም። ባዶ መሶብ ላይ አንድ እንጀራ ስትጨምሩና በሞላ መሶብ ላይ አንድ እንጀራ ስትጨምሩ አንድ አይደለም። እያንዳንዳችሁ ይህን ከልጅነት ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንድትይዙልን እንለምናለን። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ የሚነግረን ስለ አማካይ ነው። ከድሃ ቤት ሰፊ፣ ከሀብታም ቤት ጠባብ አንጎል ያላቸው ልጆች በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ነበሩ። የአንዲት እናት ደሞዝ አይቶ የልጇን አንጎል መናገር የሚችል የለም። ልጁ ደካማ ነው ብሎ አስቀድሞ የሚፈርድ አስተማሪ ቢያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ሁለተኛው ደግሞ የእኛ የስህተት በር የተከፈተበት ነው። አብሮ መሄድ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ገቢ ያነሰበት ቤት ጭንቀትም ይበዛበታል፤ ሠፈሩም ይጫጫሃል፤ ወላጆችም ብዙ ጊዜ ያልተማሩ ናቸው፤ ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ አየሩም የተለየ ነው። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው ነው? ገንዘቡ ራሱ ነው ወይስ ከገንዘቡ ጋር የሚሄደው ነገር? ከ2015ቱ ጽሑፍ ይህ አይታወቅም፤ ጸሐፊዎቹም አውቀናል አላሉም።

እንግዲህ ፕሮፌሰሯ እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። የታወቀ ጽሑፍ አላቸው፤ ስም አላቸው። እሳቸው ግን የራሳቸውን መዝገብ ራሳቸው ለኦዲት አቀረቡት። «ገንዘቡ ራሱ ከሆነ እንስጥና እንየው» አሉ። ግሬግ ደንካንን ከመሳሰሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ ናታን ፎክስን ከመሳሰሉ የሕፃናት አንጎል ተመራማሪዎች ጋር ሆነው «ቤቢስ ፈርስት ይርስ»፣ ማለትም «የሕፃኑ የመጀመሪያ ዓመታት» የተባለውን ጥናት አዘጋጁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከ2018 እስከ 2019 በአራት የአሜሪካ አካባቢዎች፣ በኒው ዮርክ፣ በኒው ኦርሊንስ፣ በኦማሃና በሚኒያፖሊስ ከነሴንት ፖል፣ በ12 ሆስፒታሎች ገና የወለዱ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች ተመዘገቡ። ለእያንዳንዷ እናት የባንክ ካርድ ተሰጣት። ካርዱ ላይ ገንዘቡ ይገባ የነበረው በየወሩ ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ነው። 400ዎቹ እናቶች በወር 333 ዶላር ይገባላቸው ነበር፤ 600ዎቹ ደግሞ በወር 20 ዶላር። በምን ላይ አዋልሽው ብሎ የሚቆጣጠር አልነበረም። ደረሰኝ አምጪ የሚልም አልነበረም።

የትኛዋ እናት 333፣ የትኛዋ 20 እንደምታገኝ የወሰነው ዕጣ ነው። ዕቁብ የምንጥል ሴቶች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። የዕቁብ ዕጣ የወጣላት ከሌሎቻችን ይበልጥ ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ ይበልጥ ስለቸገራትም አይደለም። ዕጣ ነው። ስለዚህ በዕጣ የተከፈሉት ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ላይ በጭንቀትም፣ በትምህርትም፣ በሠፈርም በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው። በኋላ በልጆቻቸው መካከል ልዩነት ከተገኘ ያመጣው ገንዘቡ ነው ማለት ይቻላል። «ታዲያ ለምን ለሁሉም 333 አልሰጡም?» ብለን እኛም አዝነን ተጠያይቀናል። መልሱ ከባድ ቢሆንም እውነት ነው፦ ለሁሉም እኩል ቢሰጥ ኖሮ ገንዘቡ ምን እንደሠራ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም ነበር።

በሒሳብ ሠራተኛ ወግ ደምረነዋል። 333 ዶላር በ12 ወር 3,996 ዶላር ነው። ክፍያው ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሞ እስከ 76 ወር እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ይህም ለአንዲት እናት 25,308 ዶላር ይሆናል። ሌላ ትልቅ ነገርም አድርገዋል። ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ምን ምን እንደሚለኩ፣ የትኛውን እንደ ዋና ውጤት እንደሚቆጥሩ አስቀድመው በይፋ አስመዘገቡ። በጀት አስቀድሞ እንደሚጸድቀው ማለት ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ወጪውን አይቶ በጀት የሚጽፍ ሰው መቼም አይሳሳትም፤ ማንም ግን አያምነውም።

በጥር 2022 ሶንያ ትሮለር ረንፍሪ ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር የመጀመሪያውን የአንጎል ውጤት አወጡ። ልጆቹ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ትናንሽ መቀበያዎች ያሉት ቆብ ተደርጎላቸው የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ተለካ። የኮቪድ ወረርሽኝ ቤት ለቤት መሄዱን ስላቋረጠው የተለኩት 435 ሕፃናት ብቻ ነበሩ። 333 ዶላር የሚያገኙት እናቶች ልጆች ፈጣን የሚባለው ዓይነት የአንጎል እንቅስቃሴ በርከት ብሎ ታየባቸው። ይህ ወሬ ነው ዓለምን የዞረው። ይህ ወሬ ነው በሬዲዮ እኛ ጆሮ የገባው። «ገንዘብ የሕፃናትን አንጎል ይለውጣል» ተባለ፤ እኛም ጻፍነው።

ጽሑፉን ራሱን ስናነበው ግን ቃሉ ከሬዲዮው የተቆጠበ ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲለካ አንዱ በአጋጣሚ ሊጎላ ይችላል፤ ለዚህ ተብሎ የሚደረግ የማጥበቂያ ስሌት አለ። ያ ስሌት ሲደረግ ውጤቱ እንደሚዳከም ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አስፍረውታል። ደግሞም የአንጎል እንቅስቃሴ ገና ንግግር አይደለም፤ ፊደል መለየት አይደለም፤ ልጁ ሲያድግ ምን እንደሚሆን መጠበቅ ነበረበት።

ተጠበቀ። በ2025 ልጆቹ አራት ዓመት ሲሆናቸው የተለካው ውጤት ወጣ። ቋንቋቸው ተመዘነ። ራሳቸውን መግዛታቸውና ሐሳባቸውን መሰብሰባቸው ተመዘነ። ጠባያቸው ተጠየቀ። የአንጎላቸው እንቅስቃሴ እንደገና ተለካ። አስቀድሞ በተመዘገቡት ዋና ዋና ውጤቶች 333 ዶላር ባገኙትና 20 ዶላር ባገኙት ልጆች መካከል በእርግጠኝነት የሚነገር ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ባነበብንበት ቅዳሜ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። የዓረፍተ ነገራችን ደረሰኝ ተገኘ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ግን እኛ የጻፍነውን አይልም።

እህቶቻችን፣ ከዚህ በኋላ የምንናገረውን በጥንቃቄ ስሙን፤ ከአንድ ስህተት ወደ ሌላው መዝለል ቀላል ነውና። «ልዩነት አልተገኘም» ማለት «ገንዘብ ለእናት አይጠቅምም» ማለት አይደለም። ከዚያው ጥናት በ2024 የታተመ ሌላ ጽሑፍ አለ። ይበልጥ የተሰጣቸው እናቶች ለልጆቻቸው ይበልጥ ገዝተዋል፤ መጽሐፍ፣ መጫወቻ፣ ልብስ። ከልጆቻቸው ጋር በማንበብና በማጫወት ያሳለፉት ጊዜም ጨምሯል። «ለድሃ ገንዘብ ከሰጠኸው ይጠጣበታል፣ ያጨስበታል» የሚሉ ሰዎች የፈሩት ነገር አልታየም። ደግሞ ዘመኑ የወረርሽኝ ዘመን ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም በዚያን ጊዜ ለብዙ ቤተሰቦች ሌላ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ይህ ልዩነቱን ሸፍኖት ይሆናል የሚሉ አሉ። ልጆቹም ገና ልጆች ናቸው።

ስለዚህ መዝገቡን ስንዘጋ የምናነበው ይህን ነው፦ ድህነትና የአንጎል እድገት አብረው እንደሚሄዱ በብዙ ገጽ ተጽፏል። በወር 333 ዶላር መስጠት ብቻውን በአራት ዓመት ዕድሜ የተለካውን ነገር እንደሚለውጥ ግን አልታየም። ሁለቱም ገጾች የአንድ ሰው ፊርማ አለባቸው።

እኛን ከሁሉ በላይ የነካን ይህ ፊርማ ነው። ሒሳብ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ሳጥን ማለት አልቆጠርንም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ቆጥረን ይህን አገኘን ማለት ነው። ብዙ ሰው ዜሮውን መጻፍ ሲያፍር ሳጥኑን ባዶ ይተዋል። ፕሮፌሰር ኖብልና ባልደረቦቻቸው ሃያ ዓመት የደከሙበት ሐሳብ የሚፈተንበት ቀን ሲመጣ፣ የጠበቁት ሳይሆን የቆጠሩት ተጻፈ። የ2015ቱን ገጽ ዛሬ የምናምነው የ2025ቱም ገጽ እዚያው መዝገብ ውስጥ ስላለ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የእኛ ድጋፍ የሚሰጠው ለሦስት ወር ነው፤ የእነሱ ለዓመታት ነበር። ከተማው ሌላ፣ ኑሮው ሌላ፣ ገንዘቡም ሌላ ነው። የእነሱ ጥሩ ውጤት የእኛ እንዳልነበረ ሁሉ የእነሱ ዜሮም የእኛ አይደለም። እኛ የማንንም ሕፃን አንጎል ለክተን አናውቅም። የእኛ ሳጥን ባዶ ነው፤ ባዶውን ሳጥን ነው በትልቅ ቃል የሞላነው።

ታዲያ የምናውቀው ነገር የለም? አለ። ከአባሎቻችን አንዷ እንጀራ ጋግራ በጉሊት የምትሸጥ ናት፤ ባለፈው ዓመት ወልዳ ድጋፉን አግኝታለች። ሄደን «ገንዘቡ ምን ጠቀመሽ?» አልናት። እኛ ደግሞ ሞኝነታችን፣ ስለ ሕፃኑ አንጎልም ጠየቅናት። ሳቀች። «እቴ፣ አንጎሉንስ እግዜር ያውቃል» አለች። «እኔ የማውቀው የፊተኛውን ልጄን በወለድኩ በሳምንቱ ምጣድ ሥር እንደነበርኩ ነው። ጭሱ ዓይኔን፣ ሙቀቱ ወገቤን ይዞኝ። የዚህን ግን አርባ ቀኔን ተኛሁ። ገንፎዬን በላሁ። ልጄን እያየሁ አጠባሁት።»

ይህን በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደምንጽፈው አናውቅም። እውነት መሆኑን ግን እናውቃለን። ምጣዷን አይተነዋል። አርባ ቀን መተኛቷን ጎረቤት ይመሰክራል። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ አርባ ቀን እንድታርፍ ምክንያት ያስፈልጋል እንዴ? የሕፃኑ አንጎል ካላደገ ልንከለክላት ነው? አራስ ቤት ገንፎ ይዘው የሚሄዱት እናቶቻችን የምርምር ውጤት ጠብቀው አልሄዱም። አራስ ስለሆነች ሄዱ።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከማኅበራችን መሥራቾች አንዷ፣ እንደ እናት የምናያቸው፣ ጠርተው መከሩን። «ልጆቼ፣ ነገር ለምን ትቆሰቁሳላችሁ? ጥናቱን ላኩ ያሉን አንዲት ለጋሽ ናቸው። የ2022ቱን ወረቀት ላኩላቸውና ዝም በሉ፤ እሱም እውነት ነው። እንዲህ ብላችሁ ከተናገራችሁ እርዳታው ቢቀርስ? የሚቀረው እኮ የእናንተ ሳይሆን የአራሷ ነው» አሉን። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሥጋታቸውም ሥጋታችን ነው። ይህን ተናግረን ስንወርድ ድጋፉ ሊቀንስ እንደሚችል እናውቃለን። ሌሊቱን ስናስበው አድረናል።

ነገር ግን እማማ፣ ይህን እናስብ። የ2022ቱን ወረቀት ልከን የ2025ቱን ብንደብቅ፣ ከደረሰኞቹ መካከል የሚጠቅመንን መርጦ እንደሚያቀርብ ገንዘብ ያዥ መሆናችን ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያዥ በማኅበራችን ቢገኝ ምን እንደምናደርገው ደንባችን ይናገራል። ለጋሾቻችንም ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ራሳቸው ያገኙታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያን ቀን የሚጠረጠረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አይሆንም፤ የገቢያችንና የወጪያችን ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል። በአንጎል ምክንያት የመጣ ገንዘብ በአንጎል ምክንያት ይሄዳል። አራሷ ስለሚገባት የመጣ ገንዘብ ግን የሚሄድበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር አቅርበናል፤ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ይታረም። በሒሳብ መዝገብ የተሳሳተ ቁጥር በነጭ ቀለም አይሸፈንም፤ ገጹም አይቀደድም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ የተሰረዘው እየተነበበ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል። ይህንንም እንደዚያው እናድርገው። ለሁሉም ለጋሾቻችን «እንዲህ ብለን ጽፈን ነበር፤ ተሳስተናል፤ ጥናቱ የሚለው ይህን ነው» ብለን እንጻፍ። ፈራሚዎቹ እኛ እንሁን፤ የጻፍነው እኛ ነንና።

ሁለተኛ፣ የአራስ ድጋፉ ይቀጥል። ምክንያቱ በመመሪያችን ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ እናት ከወለደች በኋላ እንድታርፍ፣ እንድትበላና ልጇን ተረጋግታ እንድታጠባ። ከዚህ ሌላ ተስፋ አንሽጥ።

ሦስተኛ፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ምን እንደምንቆጥር ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት እንወስን። እናትየዋ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት ስንት ቀን አረፈች? በቀን ስንት ጊዜ በላች? ለመውለጃዋ ብድር ገባች ወይስ አልገባችም? እነዚህን እኛ መቁጠር እንችላለን፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃቸዋል። ቆጥረን ጥሩ ቢወጣ እንጽፋለን። ዜሮ ቢወጣም ዜሮ ብለን እንጽፋለን፣ እንፈርማለን፣ በሚመጣው ጉባኤ ከዚሁ ቦታ ቆመን እናነብላችኋለን።

ጥናቱን የጠየቁን ለጋሻችን፣ ጥያቄዎ መጀመሪያ አስደንግጦናል፤ አሁን ግን ከልብ እናመሰግንዎታለን። ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ጠላት አይደለም። የጠየቁትን ጥናት በሙሉ፣ የሚያስደስተውንም የማያስደስተውንም፣ አትመን ይዘን መጥተናል። ከእረፍት በኋላ በጠረጴዛው ላይ ያገኙታል።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ እጃችሁን አውጥታችሁ እስክትወስኑ ድረስ እኛ እዚሁ እንቆያለን።